የተመለሰ ብርሃን፦ ከፎቶ ቤቱ ነጭ ጨርቅ እስከ ጋሪው የኋላ ሳንቃ

ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ለመነሣት በሮቤ ወይም በጎባ ወደ አንድ ፎቶ ቤት የገባ ሰው ትኩረቱ ሁሉ በካሜራው ላይ ነው። ኮሌታውን ያስተካክላል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ ይጠብቃል። ጠንቃቃ ባለሙያ ግን ከካሜራው ይልቅ ከመብራቱ በተቃራኒ ባቆመው ነጭ ጨርቅ ወይም ሰሌዳ ላይ ጊዜ ያጠፋል፤ ትንሽ ያቀርበዋል፣ ትንሽ ያዘነብለዋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የካሜራውን ቁልፍ ይጫናል። ይህ ዕቃ በሙያው ቋንቋ ሪፍሌክተር፣ በአማርኛ አንጸባራቂ ይባላል። የራሱ ብርሃን የለውም፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም፤ ሥራው የመጣለትን ብርሃን መልሶ መላክ ብቻ ነው።

ይኸው ቀላል ሥራ ከፎቶ ቤት ውጭም ብዙ ነገር ይወስናል። በሲናና ማሳ ላይ የታመመ የስንዴ ቅጠል በስልክ ተነሥቶ ለባለሙያ ሲላክ በሽታው በትክክል መለየቱ፣ ከገበያ ሲመለስ በአስፋልት ዳር የመሸበት ባለ ጋሪም ከኋላው ለሚመጣው የአይሱዙ ሾፌር በጊዜ መታየቱ በአንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፦ ብርሃን ያረፈበት ነገር ምን ያህሉን፣ ወዴትስ ይመልሳል?

የራሳቸው ብርሃን ያላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ፀሐይ፣ ከዋክብት፣ እሳት፣ መብረቅ፣ አምፖል። ሌላው ሁሉ፣ ተራራውም፣ ከብቱም፣ የሰው ፊትም የሚታየው ከእነዚህ ተበድሮ በሚመልሰው ብርሃን ነው። ብርሃን በአንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ከሦስት ዕጣ አንዱ ይደርሰዋል፤ ይዋጣል፣ ያልፋል፣ ወይም ይመለሳል። የተዋጠው በአብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ጥቁር ጃኬት ለብሶ በፀሐይ የቆመ ሰው ቶሎ የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። ዓይን የምታየው የተመለሰውን ነው።

አመላለሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ለስላሳ ገጽ፣ ማለትም መስታወት፣ የረጋ ውሃ ወይም ገና ያልዛገ ቆርቆሮ፣ ብርሃኑን በመጣበት ማዕዘን ልክ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል፤ ኳስ በሊሾ ሲሚንቶ ላይ ሲነጥር የሚሄድበት አስቀድሞ እንደሚታወቀው ማለት ነው። ሸካራ ገጽ፣ ማለትም ጋቢ፣ ወረቀት ወይም በኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል፤ ያው ኳስ በታረሰ መሬት ላይ ቢወድቅ ወዴት እንደሚዘል እንደማይታወቀው። ብርሃንን ወደ መጣበት ብቻ የሚመልስ ሦስተኛ ብልሃትም አለ፤ የእርሱ ነገር የመንገድ ጉዳይ ስለሆነ ቆይቶ ይነሣል።

መጠኑም ከነገር ነገር በእጅጉ ይለያያል። አዲስ የወረደ በረዶ ካረፈበት የፀሐይ ጨረር ከ80 በመቶ በላይ ይመልሳል። አረንጓዴ ሣርና ሰብል ከጠቅላላው ጨረር የሚመልሱት 20 በመቶ ገደማ ነው። ዝናብ ያራሰው ጥቁር መሬት ግን 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጨረቃ ራሷ የምትመልሰው 12 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ገጿ ካረጀ አስፋልት ብዙም የነጣ አይደለም፤ ነጭ መስላ የምትታየው ዙሪያዋ ያለው ሰማይ ጥቁር ስለሆነ ነው። የሲናና ገበሬ ሌሊት ቀና ብሎ የሚያያት ጨረቃ በጥቁረቷ ቀን ከሚያርሰው መረሬ ብዙም የማትርቅ መሆኗ ለማመን ያስቸግራል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

የባሌ ፀሐይና የፊት ጥላ

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆኑ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ በእኩለ ቀን በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። ይህ ለስንዴ መልካም ነው፤ ለፎቶ ግን ጠላት ነው። ከአናት የሚወርድ ብርሃን ግንባርንና አፍንጫን አድምቆ የዓይን ጉድጓድን፣ የአገጭን ሥርና አንገትን በጥላ ይሞላል። ባርኔጣ ያደረገ ፈረሰኛ በቀኑ 6 ሰዓት ፎቶ ቢነሣ ፈረሱ አምሮ ሲወጣ የባለቤቱ ፊት ጠቁሮ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታውም የራሱን ይጨምራል። በደጋ አየሩ ስስና ንጹሕ ስለሆነ ብርሃንን በትኖ ወደ ጥላው ውስጥ የሚያስገባ አቧራና ጭጋግ አነስተኛ ነው፤ ብርሃን ያገኘው በጣም ይደምቃል፣ ያላገኘው በጣም ይጠቁራል። በዚህ ላይ መሬቱ አለ። የታረሰ ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር የሚመለስለት ብርሃን የለም ማለት ይቻላል። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን ተሻግሮ፣ የሐረና ደንን አልፎ ወደ መዳ ወላቡ ወረዳ፣ ወደ ብድሬ የወረደ መንገደኛ በበጋ ልዩነቱን በፎቶው ላይ ያገኘዋል፤ የደረቀው አፈርና የገረጣው ሣር ከታች ወደ ላይ ብርሃን ስለሚልኩ በዚያው ሰዓት የተነሣ ፊት ጥላው የሳሳ ይሆናል። በደጋውም ቢሆን ከቦና አጨዳ በኋላ ያለው ቢጫ ገለባ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሙሽሮችን ከታረሰ ማሳ ይልቅ በገለባ ክምር አጠገብ የሚያቆም ፎቶ አንሺ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ግዙፍ አንጸባራቂ ተከራይቷል።

የእጅ አንጸባራቂ ዓላማም ይኸው ነው፦ ብርሃን ያልደረሰበትን የፊት ገጽ መሙላት። ሠርግ የሚያነሡ ባለሙያዎች የሚይዙት ታጣፊው ክብ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል ነጭ፣ በሌላ በኩል ብርማ ነው፤ ወርቃማ ገጽ ያለውም አለ። ነጩ ብርሃኑን በስፋት ስለሚበትን ለስላሳ ውጤት ይሰጣል። ብርማው ኃይለኛ ነው፤ ከርቀትም ይሠራል፤ ሆኖም ሰውን ዓይን ያስጨፍናል። ወርቃማው ፊትን ያሞቃል፤ ሲበዛበት ግን በሽተኛ ያስመስላል። የሰውየው ቁመና በፀሐይ ፊት ለፊት ሳይሆን ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ቢሆንና አንጸባራቂው ከፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢያዝ ዓይኑም አይጨፈንም፣ ጥላውም ይሞላል። ከእግር ሥር አስተኝቶ ወደ ላይ ማብራት ግን መልካም አይደለም፤ ከታች የበራ ፊት እሳት ዳር ተቀምጦ ተረት የሚያወራ ሰው ይመስላል።

ዕቃውን ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ብዙ የሚቸገርበት ምክንያት የለም። ተገልብጦ ያልታተመበት ገጹ የወጣ ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት በሁለት እንጨት ላይ ቢወጠር፣ ነጠላ በሁለት ሰው ቢያዝ፣ ወይም ባለጉዳዩ ፀሐይ ወደ ያዘው ነጭ ግድግዳ ፊቱን አዙሮ ቢቆም ውጤቱ ከተገዛው ብዙም አይለይም። ኃይለኛ መብራት ባልነበረበት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ የዓለም ፎቶ ቤቶችም የተሠሩት በትልቅ መስኮትና በነጭ ጨርቅ ነበር። በአገራችን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች የነበሩት አርመናውያኑ ቦያጂያኖች በሙያው የገቡት መሣሪያው ገና በዚህ ደረጃ ላይ ሳለ ነው።

ካሜራው ራሱ የሚሳሳትበት ቦታም አለ። የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ 18 በመቶ ገደማ ብርሃን የሚመልስ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ያስባል። ስለዚህ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ምስሉን ሲሞሉት “ብርሃን በዝቷል” ብሎ ያጨልመዋል፤ ጋቢው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታቸውም ይጠቁራል። ጥቁር ካባ የለበሱ ተመራቂዎችን ሲያይ ደግሞ በተቃራኒው ያነጣል። በስልክ የሚያነሣ ሰው በመስታወቱ ላይ የሰውየውን ፊት በጣቱ ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ወይም ዝቅ ቢያደርገው ችግሩ ይቃለላል። የፊልም ዘመን ከዚህ የባሰ አድልዎ ነበረው፤ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልክ የነበረው “ሸርሊ” የተባለው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ብቻ የያዘ ስለነበር ከዚያ ያነሰ ብርሃን የሚመልስ ቆዳ ያላቸው ሰዎች በፎቶ ላይ የፊታቸው ዝርዝር ሁሉ ጠፍቶ ይወጣ ነበር።

ቅጠሉ ምን ዓይነት ቢጫ ነው?

የተመለሰ ብርሃን መጠን ብቻ ሳይሆን ቀለምም አለው። አረንጓዴ ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ፊት ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ በሰማያዊ ሸራ ድንኳን ውስጥ የተነሣ እድምተኛ ሁሉ የበረደው ይመስላል። በሠርግ ላይ ይህ ቢያስቅ እንጂ አይጎዳም። በስንዴ ማሳ ላይ ግን ይጎዳል።

ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገናና በቦና ወቅት፣ ያመርታል። ይህ በረከት ለዋግ በሽታም በረከት ነው፤ ማሳ ላይ አረንጓዴ ስንዴ የማይገኝበት ጊዜ አጭር ስለሆነ የዋግ ዘር ከወቅት ወደ ወቅት የሚሻገርበት ድልድይ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ስንዴ ላይ በወረርሽኝ መልክ ሲነሣ በስፋት ይዘሩ የነበሩት ቁብሳና ገለማ የተባሉት ዝርያዎች ክፉኛ ተመተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ ገበሬው የወደደው ዲገሉ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ወደቀ። በእነዚህ ዓመታት የታየው ዋናው ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ዋግ ከታየ በኋላ ፀረ ፈንገስ ለመርጨት ያለው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው።

አሁን ገበሬው ወይም የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የጠረጠረውን ቅጠል በስልክ አንሥቶ ለወረዳ ወይም ለሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያ መላክ ይችላል። የሚላከው ግን ቅጠሉ ሳይሆን ቅጠሉ የመለሰው ብርሃን ነው። ሦስቱ ዋጎች ደግሞ በመጀመሪያ የሚለዩት በቀለምና በአቀማመጥ ነው። ቢጫ ዋግ ቢጫ ብናኙን በቅጠሉ ሥሮች መሥመር እንደ ስፌት ይደረድራል፤ ቅጠል ዋግ ብርቱካናማ ቡኒ ነጠብጣቡን በቅጠሉ ላይ ይበትናል፤ ግንድ ዋግ የሸክላ ጡብ በሚመስል ጥቁር ቀይ ቀለም ግንዱንና ቅጠሉን ሰንጥቆ ይወጣል። ለማታ በዘቀዘቀች ቀይ ፀሐይ የተነሣ ቢጫ ዋግ ብርቱካናማ ይሆንና ቅጠል ዋግ ይመስላል። ከሰማያዊ ሸራ ሥር የተነሣው ደግሞ ቢጫነቱ ይደበዝዛል። በእኩለ ቀን ፀሐይ ጤዛ ወይም ዝናብ ያረጠበው ቅጠል እንደ መስታወት ስለሚያብለጨልጭ ብናኙ ጭራሹን አይታይም፤ የስልኩ ፍላሽም ይህንኑ ስሕተት በገዛ እጅ መፍጠር ነው።

መፍትሔው ከፎቶ ቤቱ የተወሰደ ነው። ቅጠሉ ቀጥታ ፀሐይ በማይነካው፣ ነገር ግን ሰማይ በሚታይበት ጥላ ውስጥ ይያዛል፤ የራስ ሰውነት ጥላም ይበቃል። ውሃው በቀስታ ይራገፋል። ከቅጠሉ ሥር ነጭ ወረቀት ይደረጋል፤ የደብተር ቅጠል በቂ ነው። ወረቀቱ ሁለት አገልግሎት አለው፦ ብርሃን መልሶ የቅጠሉን ጥላ ይሞላል፣ ተቀባዩ ባለሙያም ወረቀቱ በምስሉ ላይ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ሆኖ ካየው ቀለሙ ምን ያህል እንደተዛባ ይረዳል። የቅጠሉ ፊትና ጀርባ፣ ግንዱም ለየብቻ ይነሣሉ። በዚያው ወረቀት ላይ ቅጠሉን አሸት ማድረግም ይጠቅማል፤ የዋግ ብናኝ ቀለሙን በወረቀቱ ላይ ትቶ ይሄዳል፤ በምግብ እጥረት ወይም በውሃ መተኛት የቢጨ ቅጠል ግን ብናኝ የለውም። ፎቶው የባለሙያውን የማሳ ጉብኝት አይተካም፤ ባለሙያው ግን በዚያን ቀን ወደ የትኛው ማሳ መሮጥ እንዳለበት ይነግረዋል።

ከላይ የሚያዩ ሳተላይቶችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ ሥራ ስለሚውጠው የሚመልሰው ጥቂት ነው፤ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ የተባለውን ጨረር ግን ግማሽ ያህሉን ይመልሳል። ሰብሉ ሲታመም ወይም ሲጠማ ይህ ልዩነት ይጠባል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ የመሬት ምልከታ ሳተላይት፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1፣ የተሠራችው ይህን ዓይነቱን የተመለሰ ብርሃን በተለያየ ቀለም ለይታ እንድታነሣ ነበር።

በቤት ውስጥ ያለው ጉዳይ አጭር ነው። በጭስ የጠቆረ የጎጆ ግድግዳ ከኩራዙም ሆነ ከፀሐይ ኃይል መብራቱ የሚወጣውን ብርሃን ይውጠዋል፤ ያው መብራት በኖራ ወይም በነጭ አፈር በተለሰነ ግድግዳ አጠገብ ቢሰቀል የተማሪው ደብተር ይበልጥ ይበራል። ግድግዳውን ሁሉ መለሰን ባይቻል እንኳ ከመብራቱ ጀርባ ያለውን አንድ ክንድ ያህል ማንጣት ይጠቅማል። ኩራዝ ከሆነ ግን ነበልባሉ ጨርቅም ሆነ ወረቀት እንዳያገኝ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ማታ በአስፋልት ላይ

የተመለሰ ብርሃን የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው ግን በመንገድ ላይ ነው። በባሌ ኬክሮስ ፀሐይ ስትጠልቅ ድንግዝግዙ ከ25 ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ከገበያ ዘግይቶ የወጣ ሰው ቤቱ ሳይደርስ ይጨልምበታል። ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ፣ ዲንሾን አልፎ ሮቤ የሚገባው አስፋልት ደግሞ የመኪና ብቻ አይደለም፤ የፈረስ ጋሪ፣ የአህያ መንጋ፣ ከግጦሽ የሚመለስ ከብት፣ ባጃጅ፣ እግረኛ፣ በዲንሾ በኩልም የብሔራዊ ፓርኩ የዱር እንስሳት ይጋሩታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪወስድ አንድ ሴኮንድ ወይም ትንሽ በላይ ያልፋል፤ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላም መኪናው በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ከ35 ሜትር ያላነሰ ይፈልጋል። በድምሩ 60 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ በዝናብ ይጨምራል። ጥቁር ብርድ ልብስ የደረበ እግረኛ ግን በአጭር መብራት የሚታየው ከ30 እስከ 50 ሜትር ሲቀር ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ንቁ ቢሆንም፣ ፍሬኑ ጤነኛ ቢሆንም፣ መኪናው በጊዜ አይቆምም። ነጭ ጋቢ ትንሽ ርቀት ይጨምራል፤ ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትነው ግን ወደ ሾፌሩ ዓይን የሚመለሰው ትንሽ ክፍል ነው።

ቀደም ሲል በይደር የቆየው ሦስተኛው የአመላለስ ዓይነት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሦስት መስታወቶች እንደ ክፍል ጥግ፣ ማለትም ሁለት ግድግዳና አንድ ወለል እንደሚገናኙበት ሆነው ሲገጠሙ የገባባቸውን ብርሃን ከየትም ይምጣ ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመልሱታል። በመኪና ጀርባ የሚታየው ቀይ ፕላስቲክ ቀርቦ ለተመለከተው በውስጡ በብዙ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ጥጎች አሉት። የመንገድ ምልክቶችና ተለጣፊ ሪባኖች ደግሞ ይህንኑ ወይም እንደ አሸዋ የደቀቁ የመስታወት እንክብሎችን ይጠቀማሉ። የመኪናው መብራትና የሾፌሩ ዓይን ተቀራራቢ ቦታ ላይ ስለሆኑ ብርሃኑ ሳይባክን ወደ ሾፌሩ ይመለሳል፤ በአጭር መብራት እንኳ ከ100 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ትተውት የመጡት መሣሪያም የዚሁ ዓይነት ነው፤ ከምድር የተላከ የሌዘር ብርሃን መልሶ የጨረቃን ርቀት ለመለካት ያገለግላል።

ተፈጥሮ ይህን ቀድማ አውቃዋለች። የድመት፣ የጅብ፣ የቀይ ቀበሮ፣ የበግ፣ የከብትና የፈረስ ዓይን ከኋላው አንጸባራቂ ሽፋን ስላለው በመብራት ፊት ያበራል፤ የሰው ዓይን ይህ ሽፋን የለውም። እንግሊዛዊው ፐርሲ ሾው እ.ኤ.አ. በ1934 በመንገድ መሐል የሚቀበረውን አንጸባራቂ ሲያስመዘግብ “የድመት ዓይን” ብሎ የጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በእንስሳው ዓይን መተማመን አደገኛ ነው። ዓይኑ የሚያበራው ፊቱን ወደ መኪናው ካዞረ ብቻ ነው፤ ወደ ቤቱ የሚሄድ ከብት ደግሞ ለኋለኛው መኪና የሚያሳየው ጀርባውን ነው።

ለእግረኛ የሚሆነው ተንጠልጣይ አንጸባራቂ የተወለደውም ከጋሪ ነው። በፊንላንድ ፔርቴሊ በተባለ ቦታ ይኖር የነበረው አርቪ ሌህቲ መጀመሪያ የሠራው ጋሪዎቹን ከመኪና ግጭት ለመጠበቅ ሲሆን፣ ሐሳቡ ወደ ሰው ልብስ የተሸጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ የአገሩ ሕግ በጨለማ የሚሄድ እግረኛ አንጸባራቂ እንዲይዝ ያዛል። ፈረስ ጋሪ የየዕለት መጓጓዣ በሆነባቸው በሮቤና በጎባ ዙሪያ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ መቅረት አልነበረበትም።

በመንገዳችን የሚታዩ ሁለት ልማዶችም ከዚሁ ጋር መነሣት አለባቸው። አንደኛው የተበላሸ መኪና ከኋላው ቅጠልና ድንጋይ ማድረጉ ነው። ቀን ላይ ይህ ምልክት ማንም ይረዳዋል፤ ማታ ግን አረንጓዴ ቅርንጫፍ የሚመልሰው ብርሃን ከአስፋልቱ ብዙም ስለማይለይ የሚታየው በጣም ከቀረቡ በኋላ ነው፤ ድንጋዩም መኪናው ከሄደ በኋላ ለሚቀጥለው አደጋ ይቀመጣል። አንጸባራቂው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሁለተኛው በጋሪና በባጃጅ ጀርባ ሲዲ መስቀል ነው። ሲዲ ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን ተራ መስታወት ነውና ብርሃኑን ወደ ሾፌሩ የሚመልሰው በአጋጣሚ በትክክለኛው ማዕዘን ሲገኝ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ ወደ ጉድባው ወይም ወደ ሰማይ ይልከዋል።

የደጋው ጉም ደግሞ የራሱ አንጸባራቂ ነው። በሳነቴ አምባ፣ በ4,000 ሜትር አካባቢ፣ ጉም ሲወርድ ረጅም መብራት የሚያበራ ሾፌር የባሰ ይታወራል፤ በአየር የተንሳፈፉት የውሃ ነጠብጣቦች ብርሃኑን ወደ ራሱ ዓይን ስለሚመልሱት ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ይቆምበታል። አጭር መብራት ወደ መሬት ስለሚያዘነብል የተሻለ ነው፤ ፍጥነትንም ከሚታየው ርቀት ጋር ማስተካከል የግድ ነው።

ለባለ ጋሪው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ከኋላ በሳንቃው ግራና ቀኝ ጫፍ ቀይ፣ ከፊት ነጭ፣ በጎን ቢጫ አንጸባራቂ ሪባን ይለጠፋል። በሁለቱም ጫፍ መሆኑ ዋና ነገር ነው፤ አንድ ብቻውን መሐል ላይ ያለ አንጸባራቂ ለሾፌሩ የጋሪውን ስፋት ሳይሆን ሞተር ብስክሌት ያስመስለዋል። ጭድ ወይም ከረጢት ሲጫን ሪባኑን እንዳይሸፍነው ዝቅ ብሎ ይለጠፍ፤ የሸካራ እንጨት ገጽ ቶሎ ስለሚያስለቅቀው ሪባኑ በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ተለጥፎ በሚስማር ቢመታ ይበልጥ ይቆያል። በፈረሱ ጭራ በኩል ባለው ማሰሪያና በእግሩ ዙሪያ የሚታሰር ሪባንም ይረዳል፤ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ከቆመው ቀድሞ ዓይን ይስባል። እረኛና ተማሪም በሚወዛወዘው እጃቸው ወይም በቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቢያስሩት ይሻላል።

ሪባኑ በእርግጥ ወደ መጣበት የሚመልስ መሆኑን በገበያ ላይ መለየት ይቻላል። በጨለማ ክፍል ወይም ማታ በደጅ፣ የስልክ መብራት ከዓይን አጠገብ፣ በጉንጭ ላይ ተይዞ ከሃያ ከሠላሳ እርምጃ ርቀት ወደ ሪባኑ ይበራል። እውነተኛው እንደ አምፖል ቦግ ይላል፤ ብርማ ቀለም ብቻ የተቀባው ግን እንደ ተራ ላስቲክ ደብዝዞ ይቀራል። መብራቱን ወደ ወገብ ዝቅ አድርጎ እንደገና ማየትም ጥሩ ነው፤ እውነተኛው ሪባን መብራቱ ከዓይን ሲርቅ ድምቀቱ ይቀንሳል። ከተለጠፈ በኋላ በየገበያው ቀን ጭቃው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ የመረሬ ጭቃ የያዘው አንጸባራቂ ከመረሬው እኩል ጥቁር ነው።